ስንጠብቅ የኖርነው ማርሊስን ነበር

እህቴ ማርሊስ ወንድማችንን ኤልደንን «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?» ብላ የጠየቀችው እሁድ ቀን፣ በእኔ ቤት፣ ለምሳ በተቀመጥንበት ነው። የድንች ሰላጣው ገና ለሁሉም አልተዳረሰም። ባለቤቴ ሮይ ሹካውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። የእኔ የመጀመሪያ ሐሳብ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ «ይኸው፣ ደግሞ ጀመራት» የሚል ነበር።

እንዲህ ያሰብኩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እኛ የቶለፍሰን ልጆች ሦስት ነን። ታላቋ እኔ ሶልቬግ ነኝ፤ ኤልደን ይከተለኛል፤ ማርሊስ ከእሱ በስድስት ዓመት ታንሳለች። ያደግነው ከሲያትል ባሕሩን ተሻግሮ፣ ከኖርዌይ የመጡ ዓሣ አጥማጆች በቆረቆሯት በፖልስቦ ነው። በእኛ ቤት ስሜት እንደ ውስጥ ልብስ ነበር፤ ሁሉም ሰው እንዳለው ይታወቃል፣ አውጥቶ የሚያሳይ ግን የለም። አላስካ ላይ ባሕር የአባታችንን ወንድም የወሰደው ጊዜ፣ አባታችን ቤት ገብቶ «ሃንስ የለም» አለና እጁን ታጥቦ እራቱን በላ። እናታችንም ምንም ሳትል ሳህኑን ደግማ ሞላችለት። እኔም ኤልደንም አንገታችንን ደፍተን በላን።

ማርሊስ ግን ቆዳ ሳይኖራት የተወለደች ትመስል ነበር። ሌላውን ሰው ነፋስ ነክቶት የሚያልፈው እሷን ያቃጥላታል። በሰባት ዓመቷ የጎረቤት ድመት መኪና ገጭቷት ስትሞት ሦስት ቀን አለቀሰች። አባታችን «በቃ!» ብሎ ሲጮህባት ድምጿን ዋጠችና ትራሷን በጥርሷ ዘነጠለችው። ስታድግ ደግሞ ባሰባት። ሥራ ትይዛለች፤ አለቃዋ ሰላምታ ከረሳ «ጠልቶኛል» ብላ በማግስቱ ትለቃለች። ሰው ትወዳለች፤ ሳይደውል ከዋለ እንደ ሞተ ሰው ታለቅስለታለች፣ ሲመጣ ደግሞ ጫማ ትወረውርበታለች። ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ሦስት ጊዜ በአምቡላንስ ተወስዳለች።

ኤልደን የተገላቢጦሽ ነበር። ብሬመርተን መርከብ ማደሻ ውስጥ በያጅ ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም። ሮይ «ኤልደን ምሰሶ ቢወድቅበት ምሰሶውን ይቅርታ ይጠይቀዋል» እያለ ይቀልድበታል። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ እንኳን ሻንጣዋን ተሸክሞ መኪናዋ ውስጥ የጫነላት እሱ ነው። ሁላችንም «እንዴት ያለ ጨዋ!» አልን። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ይቀመጣል፣ መዝሙር ይዘምራል፣ ከዚያ ወደ አባታችን አሮጌ ቤት፣ ወደ ውሻው ይመለሳል።

እንግዲህ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ስንጠብቅ የኖርነው ማርሊስን ነበር። እኔ ቤት የምትመጣ ከሆነ መድኃኒቶቹን ቆልፌ፣ ስለታም ነገር ሁሉ ደብቄ እቆያለሁ። ሮይ ደግሞ በመስኮት እያየ «የዛሬው የአየር ትንበያ ምንድን ነው? ማዕበል ነው ፀሐይ?» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ፊት ለፊቷም «አንቺ እኮ ተዋናይት ነሽ» ያልኳት አንዴ ሁለቴ አይደለም።

ከሦስተኛው አምቡላንስ በኋላ አንዲት ሐኪም፣ ሲያትል ወዳለች ጃኒስ ኦካዳ ወደምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ላከቻት። ዲቢቲ የሚሉት ሕክምና ነው፤ ስሜታቸው እንደ ጎርፍ ለሚወስዳቸው ሰዎች ተብሎ የተሠራ። ማርሊስ በሳምንት አንድ ቀን ለብቻዋ ከጃኒስ ጋር ትቀመጣለች። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ በመርከብ ተሻግራ፣ ደብተር ይዛ፣ ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር ክፍል ትገባለች። በየቀኑ የምትሞላው ካርድ ነበራት፤ ንዴት ስንት፣ ሐፍረት ስንት፣ ራስን የመጉዳት ፍላጎት ስንት፣ ያን ጊዜስ ምን አደረግሽ የሚል።

ሮይ ይህን ሲሰማ «የቤት ሥራ የሚሰጥ ሐኪም ደግሞ የት አገር አለ?» አላት።

«ሲያትል» አለችው። «ካልሠራሁ ደግሞ ሰዓቴ የሚያልቀው ለምን እንዳልሠራሁ ስንመረምር ነው። ካንተ ጋር ምሳ ከመብላት ይከብዳል፤ ብዙም ባይሆን።»

አንድ ቀን እኔ ቤት ሳለች ጸጉሯን አይቼ «ይህን ቀለም ሰው መርጦ ነው የሚቀባው?» አልኳት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። አሁን የሆነ ነገር ትወረውራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄዳ ገንዳውን ቀዝቃዛ ውኃ ሞላችና ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ነከረችው። እኔ ፎጣ ይዤ እንደ ጅል ቆምኩ። በውስጤ እስከ ሠላሳ ስቆጥር ቀና አለች።

«አሁን ምን መሆንሽ ነው?»

«ልቤ እንዲረጋ ነው። ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ ንዴቱ ትንሽ ይወርድልኛል። ሲወርድልኝ ማሰብ እችላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺም ሰላጣ አይደፋብሽም፣ እኔም ሳለቅስ አላድርም። በነገራችን ላይ ስለ ጸጉሬ ያልሽው አስከፍቶኛል።»

እንዲህ ዓይነት ንግግር በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም። ፎጣውን ሰጠኋትና ወደ ምድጃዬ ዞርኩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሥራ ልትለቅ ነው ሲባል ሰምቼ ደወልኩላትና የተለመደውን ስድብ ሰደብኳት። ስልኩን ትጠረቅመዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ «ሶሊ፣ እኔ የምችለውን ሁሉ እያደረግሁ ነው። ደግሞም ከዚህ የተሻለ ማድረግ አለብኝ። ሁለቱም እውነት ነው» አለችኝ።

«አንዱን ምረጪ እንጂ!»

«አይመረጥም። አንዱን ብቻ የያዝኩ ቀን ነው የምወድቀው።»

ሥራውንም አልለቀቀችም። ሃያ ወር ሙሉ አምቡላንስ አልተጠራም። እኔ ግን ልብ አላልኩም። ማዕበል ያልነበረበትን ቀን ማን ይቆጥራል?

አሁን ወደዚያ እሁድ ልመለስ።

ግንቦት ነበር፤ ሰማዩ ጠርቷል። ኤልደን ከወትሮው ቀደም ብሎ መጣ። ተላጭቷል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ይስቃል። የእናታችንን የግድግዳ ሰዓት በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ «ሶሊ፣ ይህ ላንቺ ነው የሚገባው» አለኝ። ለሮይ ደግሞ የአባታችንን ጀልባ ቁልፍ ሰጠው። ሮይ ለስንት ዓመት ዓይኑን የጣለባት ጀልባ ናት። እንደ ሕፃን ፈነደቀ። እኔም ደስ አለኝ። ኤልደን ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ይህን ያህል ሲያወራ አይቼው አላውቅም። «ተመስገን፣ ሰው ሆነልኝ» አልኩ በልቤ።

ማርሊስ ከጥግ ተቀምጣ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

«ውሻህስ?» አለችው።

«ቦሰን? ለጎረቤቶቼ ሰጠኋቸው። ሰፊ ግቢ አላቸው።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ሰላጣውን ለሮይ አቀበልኩት። ያን ጊዜ ነው ማርሊስ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሰዓት ስንት ነው እንደሚል ሰው፣ የጠየቀችው።

«ኤል፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?»

«ማርሊስ!» አለ ሮይ።

እኔ ብድግ አልኩ። «ውጪ! ከቤቴ ውጪልኝ! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳን ደስ ብሎት ቢያድር ምን አለበት? የግድ ወደ አንቺ ጉድጓድ ካልጎተትሽው?»

ኤልደን ሳቀ። «ኧረ ተይ ሶሊ፣ ችግር የለም። ማርሊስ፣ ምግብሽን ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ማርሊስ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አልሰከርኩም። ልጣላም አልመጣሁም። ልጠይቅህ ግድ ስለሆነብኝ ነው የምጠይቅህ፤ እኔ እዚያ ቦታ ነበርኩና አውቀዋለሁ። ነው ካልክ አልቆጣህም። አይደለም ካልክ ሶሊ ከቤት ታባርረኛለች፣ እሄዳለሁ። መልስልኝ።»

ኤልደን መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሳህኑን ተመለከተ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ፤ ከሥሩ የነበረው ሌላ ፊት ነው፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው። ቢላውንና ሹካውን ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ሐሙስ» አለ።

ምን እንዳለ አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ «ሐሙስ ምን አለ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«ሐሙስ ነበር ያሰብኩት። ዝግጅቱን ሁሉ ጨርሻለሁ።»

ሰው ክው አለ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ያሉት ሰማያዊ አበቦች እየራቁኝ ሄዱ። ሮይ ተነስቶ ወንበሩን ገለበጠና ወደ በረንዳው ወጣ፤ ሲያስመልሰው ሰማሁት። እኔስ? የቤቱ ምሰሶ ነኝ የምለው፣ ለሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ አንድ ቀን እጄ ያልተንቀጠቀጠው? ወንድሜ ላይ ተወረወርኩ። በሁለት እጄ ደረቱን እየደበደብኩ «እንዴት! እንዴት! ለእኔ ሳትነግረኝ! አንተ እኮ ደህና ነህ! አንተ እኮ ደህናው ነህ!» እያልኩ ጮህኩ። እሱ እጁን እንኳ ሳያነሳ ዝም ብሎ ይመታልኛል።

ማርሊስ በአጠገባችን ሮጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በቃ፣ ጨርቋን ጣለች አልኩ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊጠፉብኝ ነው አልኩ። ተከትያት ሄድኩ። ሊጥ የማቦካበትን ትልቁን ሳህን ውኃ ሞልታ፣ ከማቀዝቀዣው ያለውን በረዶ ሁሉ ዘርግፋበት ፊቷን ነክራለች። ትከሻዋ ይንዘፈዘፋል። ስትወጣ ውኃው በአንገቷ እየወረደ ልብሷን አራሰው። ግድግዳውን ይዛ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውጭ ተነፈሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ስልክሽ ይሠራል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየሰዉ ኪስ አልገባም። ጃኒስ ፔጀር ነበራት፤ ታካሚ ሲጨንቀው ቁጥሩን ይልክላታል፣ እሷም መልሳ ትደውላለች። ማርሊስ ቁጥሬን ላከችና ስልኩን በእጇ እንደያዘች በበሩ በኩል ኤልደንን ትጠብቀው ጀመር። አራት ደቂቃ ፈጀ። የሰማሁት የእሷን ወገን ብቻ ነው።

«ጃኒስ፣ ማርሊስ ነኝ። ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ወንድሜ ነው። አይ፣ ስለ እኔም ነው... ፍርሃት። ከመቶ ዘጠና አምስት... አዎ አጣርቻለሁ። ጠይቄው ነግሮኛል፤ ቀን ቆርጧል፣ ተዘጋጅቷል... ታዲያ ፍርሃቴ ልክ ነው ማለት ነው?» አዳመጠች። «እሺ። ልክ ከሆነ የሚለኝን ልሥራ... መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እስከ ካናዳ ድረስ መጥፋት ነው ያማረኝ። ታላቅ እህቴንም በዚህ ሳህን መምታት... አዎ፣ እዚህ ቆማለች። አልመታኋትም... እሺ። እሺ። ቀስ በዪልኝ፣ ልጻፈው።»

ከቤተ ክርስቲያን ባመጣሁት ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን እንደ ፖሊስ አዛዥ ነው የተናገረችው።

«ሮይን ጥሪው። ኤል ቤት ሄዶ አደገኛውን ነገር ሁሉ ከዚያ ያውጣ፤ የት እንዳለ ኤል ይነግረዋል። አንቺ መኪናውን አስነሺ። ኤልን ለደቂቃ እንኳን ብቻውን አንተወውም፤ ሽንት ቤትም ቢሆን። አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን። ደግሞ ሶሊ...»

«ምን?»

«‹ለምን› እንዳትዪው። ‹አንተ እኮ ደህና ነህ› እንዳትዪው። ምንም ማለት ካቃተሽ ዝም ብለሽ እጁን ያዢ።»

ወደ ምግብ ክፍሉ ተመለስን። ኤልደን ከወንበሩ አልተነሳም። ማርሊስ ውኃ እየተንጠባጠበባት ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቱን ያዘች።

«ብዙ ጊዜ ሆነህ?»

«ከገና ወዲህ» አለ። «ከዚያም በፊት። አላውቅም። ደከመኝ ማርሊስ። ጠዋት ጫማዬን ለማሰር አልጋዬ ጫፍ ላይ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። ማንንም ማስቸገር አልፈለግሁም። ደግሞ ቤተሰቡ ባንቺ በቂ...» አቋረጠው።

በራሴ አፈርኩ። ማርሊስ ግን አልደነገጠችም፣ ወይም ደንግጣ ዋጠችው።

«በእኔ በቂ መከራ አለበት። ገባኝ። ስማኝ ኤል፤ ይህን ያህል ከደከመህ፣ ይህን ያህል ጊዜ ብቻህን ከተሸከምከው፣ መሞት ማሰብህ አይገርመኝም። ማንም ቢሆን ያስበው ነበር። ደግሞም እንድትሞት አልፈልግም፤ ዛሬ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

ወንድሜ ኤልደን አለቀሰ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሲያለቅስ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር፤ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ጎርናና፣ የተቆራረጠ ነገር። ላቆመው ፈለግሁ። «አይዞህ፣ በቃ፣ በቃ» ልለው አፌን ስከፍት ማርሊስ ቀና ብላ አየችኝ። ዘጋሁት። እጁን ያዝኩ።

ብሬመርተን ሆስፒታል ስንደርስ ሌላ ድንጋጤ ጠበቀን። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ማርሊስን ገና በሩ ላይ ስታያት አወቀቻት። ልብሷ ርሷል፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ኤልደን ደግሞ በአዲሱ ሸሚዙ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነርሷ በለሰለሰ ድምፅ «ማርሊስ፣ የኔ እመቤት፣ ነዪ ተቀመጪ። ዛሬ ምን ገጠመሽ?» አለቻትና ተሽከርካሪ ወንበር ሳበችላት። ወደ ኤልደን ዞራ ደግሞ «እርስዎ ወንድሟ ነዎት? ስላመጧት አመሰግናለሁ» አለችው።

«ዛሬ እኔ አይደለሁም» አለች ማርሊስ። «እሱ ነው።»

ነርሷ ኤልደንን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አፏ ትንሽ ተከፈተ። እኔ አጠገቧ ቆሜ የራሴን ፊት ያየሁ መሰለኝ።

ኤልደን አስራ አንድ ቀን ተኛ። ሮይ በዚያው ቀን ቤቱን አጽድቶ ተመለሰ። ያየውን አልነገረኝም። የጀልባዋን ቁልፍ ግን መዝጊያው አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለና ዳግመኛ አልነካውም። ማታ ማታ «እኔ እኮ ፈነደቅሁ ሶሊ» ይለኛል። «ቁልፉን ሲሰጠኝ ፈነደቅሁ።»

ማርሊስ ለሦስት ቀን ብረት ሆነች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ውላ፣ እኔ ቤት መጣች። ውኃ ልሰጣት ዞር ስል ከኋላዬ ጩኸቷ ፈነዳ።

«አስራ አምስት ዓመት እኔን ስትጠብቁ! ቢላ ስትደብቁ! ‹ተዋናይት› ስትዪኝ! እሱ አጠገብሽ ተቀምጦ እየሞተ! አጠገብሽ ሶሊ!»

ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ሳህኖች አንዱን አንስታ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው። ሁለተኛውን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ሳህኑን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ራሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

እኔ የድሮዋ ሶልቬግ ብሆን «ተረጋጊ» እላት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን እነዚያን ሦስት ሌሊቶች አልተኛሁም፤ ደጋግሜ ያየሁት እህቴ በዚያ በረዶ ውኃ ውስጥ ስትንዘፈዘፍ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ቀልድ ያልኩት ነገር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሷ ስሜቷ ስላነሰ አይደለም የቻለችው። የእሷ ከእኔ አሥር እጥፍ እየነደደ፣ እኔ ወንድሜን ስደበድብ እሷ ስልክ ደወለች።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «እሱን አላየሁትም። አንቺንም አላየሁሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ስድብ የጠበቀ ሰው ፊት ነበራት። እንደዚያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም፤ በዚያ ሁሉ አምቡላንስ እንኳን።

«ምን አልሽ?»

«ልክ ነሽ አልኩ።»

ከዚያ ተነስታ መጥረጊያ አመጣችና ስብርባሪውን ጠረገች። «ሳህኑን መስበሬ ልክ አልነበረም» አለች እየጠረገች። «ረቡዕ ካርዱ ላይ መጻፌ አይቀርም፤ ጃኒስ ከየት ጀምሮ እንዴት ሳህን ጋ እንደደረስኩ አንድ በአንድ ታስቆጥረኛለች። የማልረሳው ግን ሁለተኛውን ማስቀመጤን ነው።»

በዚያ በጋ ለቤተሰብ የሚሰጥ ትምህርት አለ ተብዬ ከማርሊስ ጋር በመርከብ መሻገር ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ጃኒስን «ሕመሙ ከኤልደን ጋር እንደሆነ እንዴት አላወቅሁም?» ብዬ ጠየቅኋት። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ብዙ የማትስቅ ሴት ናት። «በእናንተ ቤት ዝም ያለ ሰው ደህና ነው፤ የጮኸ ሰው ታሟል። በዚህ ሕግ ከሄድን ትክክል ነበርሽ» አለችኝ። አላጽናናችኝም፤ እኔም ማጽናኛ አልጠበቅሁም። የሰው ስሜት ልክ ነው ማለት የሠራው ሁሉ ልክ ነው ማለት እንዳልሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በሃምሳ ዓመቴ ገደማ አዲስ ነገር መማር እንደ አዲስ ጥርስ ማብቀል ነው፤ ያማል።

ኤልደን ወደዚያ ክፍል አልሄደም። «ክብ ሠርቼ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር አልቀመጥም» አለ። መድኃኒት ጀመረ፤ ብሬመርተን ውስጥ አንድ አማካሪ ጋ በሳምንት አንድ ቀን ይሄድ ነበር። ጎረቤቶቹ ቦሰንን መለሱለት። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብል ዋሽቻለሁ። በኅዳር ተመልሶ ሆስፒታል ገባ፤ ግን ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ከሥራ ቦታው ስልክ ደውሎ «ማርሊስ፣ ነዪ ውሰጂኝ» ነው ያላት። እሷ ስትደርስ የብየዳ ጓንቱን እንዳደረገ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ማርሊስ አሁንም በትንሽ ነገር ትናደዳለች፣ በትንሽ ነገር ታለቅሳለች፤ አምቡላንስ ግን ከዚያ ወዲህ አልተጠራላትም። ኤልደን በሕይወት አለ።

ባለፈው ነሐሴ እሱና እኔ ጓሮዬ ውስጥ ጥቁር እንጆሪ ስንለቅም ነበር። እሾሁ እጃችንን እየቧጨረን፣ ስለ ዝናብ እያወራን ነው። በመካከል፣ ቀና ሳይል፣ «ያን ዓመት ከገና በኋላ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከጎንሽ የምቀመጠው ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ለምን?»

«ትጠይቂኝ ይሆናል ብዬ ነበር። በየሳምንቱ ‹ዛሬ ሶሊ ትጠይቀኛለች› እል ነበር። አንድ ቀን ክንዴን ነካሽኝ። ‹አሁን ነው› አልኩ። ሸሚዝህ ላይ ክር አለ ብለሽ ነቀልሽልኝ።»

ያን ቀን አላስታውሰውም። ክሩንም አላስታውሰውም። ለመከላከል የሚሆኑ ቃላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰለፉልኝ፤ አንተም አልነገርከኝ፣ ከየት አውቄ፣ እኔም ሰው ነኝ። በረጅሙ ተነፈስኩና አሳለፍኳቸው።

«በየሳምንቱ ጠብቀኸኝ ነበር» አልኩት። «እኔ ደግሞ አልጠየቅሁህም።»

«አዎ።»

«በጣም ጎድቶህ መሆን አለበት።»

«በጣም» አለ ኤልደን። እጁን ወደ እሾሁ ውስጥ አስገብቶ ከጥልቁ አንድ ዘለላ ሙሉ አወጣና ባልዲዬ ውስጥ ጨመረልኝ። እስኪመሽ ድረስ ለቀምን። ከዚያ በላይ አላወራንም።